ሦስት ብልቃጥ ደም ከሊሙ ገነት

ከጅማ ስመለስ ጎረቤቶቼም፣ የሥራ ባልደረቦቼም፣ የነፍስ አባቴም ሳይቀሩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቡና አመጣሽልን?» አላመጣሁም። በዚያ በደርግ ዘመን ያለ ወረቀት ከጅማ ቡና ይዞ መውጣት ሽጉጥ ይዞ ከመውጣት ብዙም አይተናነስም ነበር። እኔ ይዤ የተመለስኩት ሦስት ብልቃጥ የሰው ደም ነው። ይህን ስናገር ፊታቸውን ያጨፈግጉና ወሬ ይለውጣሉ። እንግዲህ ለእነሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው፤ መንገዱም ጉልበቱም ወደዚያ ለማያደርሳችሁ ሁሉ።

ጽጌ እባላለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ በቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። ዓይን የማያየውን ስፈልግ ስለምውል ጠባዬም ነገር ፈላጊ ሆኗል ይሉኛል። ይበሉ።

ለጉዞው ምክንያት የሆነው አንድ ደብዳቤ ነው። ሊሙ ገነት አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ተማም የሚባል ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ አለ። ይህ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ የበሽተኞቹን ደም በማይክሮስኮፕ እያየ «የወባ ተሐዋሲ አልታየም» እያለ ሪፖርት ሲልክ ኖሯል። በሽተኞቹ ግን ይተኩሳሉ፤ መገጣጠሚያቸውን ይቆረጥማቸዋል፤ ዓይናቸው ደም ይለብሳል፤ የወባ ክኒን ቢውጡ አይሻላቸውም። የሞቱም አሉ። የበላዮቹ በሌላ ክሊኒክ ሁሉ ወባ እየተገኘ እሱ ዘንድ ብቻ መጥፋቱ አልዋጥ ብሏቸው፣ ትኩሳቱ ምን እንደሆነ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካላሳየ ክሊኒኩን አስረክቦ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲዛወር ወስነውበታል። ደብዳቤውን ሲጨርስ እንዲህ ይላል፤ «እኔ ባለኝ መሣሪያ የማይታይ ነገር ነው። ማየት የምትችሉ ካላችሁ እባካችሁ ኑ።»

አለቃዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «ሂጂ» አለኝ።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። የሚነዱት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን በጅማ መንገድ ላይ በጭነት መኪና የጨረሱ፣ ጉድጓዱን ሁሉ በስም የሚጠሩ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር። ከኋላ ወንበር ላይ በገመድ የታሰረ አንድ የብረት ጋን ጭነናል። ከከብት አዳቃዮች የተዋስነው ነው፤ ውስጡ ናይትሮጂን የሚባል ፈሳሽ አለ፤ የገባበትን ሁሉ በቅጽበት ድንጋይ ያደርጋል። እኔ የምፈልገውን ነገር በሕይወት አዲስ አበባ ለማድረስ ከዚህ የተሻለ የለም።

«ምንድነው በውስጡ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ብርድ» አልኳቸው።

«የደብረ ብርሃን ሰው ለመንገድ የሚሰንቀው ብርድ ነው እንዴ?»

ወሊሶ ሻይ ጠጣን፤ ወልቂጤ ምሳ በላን። ሁዳዴ ስለነበር የጾም በያይነት አዘዝኩ። ጎመኑን ስቀምሰው ቅቤ ቅቤ አለኝ። ባለቤቲቱን ጠርቼ ብጠይቃት በእመቤታችን ስም ምላ ተገዘተች፤ በኋላ ግን ድስቱ የቅበላ ጊዜ ክትፎ የተሠራበት መሆኑን ራሷ አመነች። ጋሽ ወልዴ «ድስቱ ነው የገደፈው፣ አንቺ አይደለሽም» ብለው የኔንም ጎመን ጨመሩበት።

ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ወደ ጊቤ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤ ቀጥሎም ነጠላዬን። ከድልድዩ በፊት አንድ ጋሽ ወልዴ ስሙን ያልሰሙት አዲስ ጉድጓድ ነበረና ዘለን ወደቅን። ጋኑ ከወንበሩ ተነስቶ ተመለሰ። ወርጄ አየሁት፤ ክዳኑ ቦታው ላይ ነው። ደህና ነው ብዬ ጉዞ ቀጠልን። ያኔ ክዳኑን አንስቼ ከሥሩ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ሰው የሚያየው ማየት የሚፈልገውን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቴክኒሺያን መሆን አያድንም።

የቡና ኬላዎቹ ላይ ማንም አላስቆመንም። ወደ ጅማ ለሚገባ ሰው ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የሚጠብቀው፤ ቁጣው ለሚወጣ ነው። አመሻሹ ላይ ጅማ ገባን። የያዝነው አልጋ ቤት ንጹሕ ነው፤ ግቢው በአቮካዶ ዛፍ ተሸፍኗል። እኛ አገር ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን የምንንቀጠቀጥበት ወር ነው፤ እዚህ አንሶላውም ከበደኝ። አልጋ ቤቷን የያዙት ሴትዮ «ጅሬን ወጥተሽ ቤተ መንግሥቱን ሳታዪ እንዳትሄጂ» አሉኝ። ስመለስ አያለሁ አልኩ። ሳላየው ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ

ግማሽ ቀኑ ያለቀው ማኅተም ፍለጋ ነው። ወደ ሊሙ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ጓድ ስብሰባ ላይ ነው፤ ከስብሰባው ሲወጣ ደግሞ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ገባ። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሣን።

የሊሙን መንገድ ላላዩ ምን ብዬ ልንገራቸው? የበልግ ዝናብ ስለጣለ ቡናው አብቧል። አበባው ነጭ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ዓይን እስኪታክት ድረስ ነጭ። ሽታው በመስኮት ገብቶ የጋሽ ወልዴን ሲጋራ አሸነፈው። እኔ ቡናን የማውቀው ጥቁር ሆኖ ነው፤ እንዲህ ሙሽራ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አፌን እንደከፈትኩ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገባች።

ከቡናው መሀል ስምንት ያህል ሰዎች ወጥተው መጡ። ረመዳን ስለነበር ሁሉም ከንጋት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። አንደኛው ሽማግሌ «አካም ጅርቱ? ደህና ናችሁ?» ብለው ትከሻቸውን ለመኪናው ሰጡ። ከደቂቃዎች በፊት እዚያው ቆሜ ከኮዳዬ ውሃ ስገለብጥ ያዩኝ እነሱ ናቸው። እፍረቴ ጭቃውን ያህል ወፈረ። መኪናዋ ስትወጣ ምን እናድርግላችሁ ብንላቸው «ዱዓ አድርጉልን፣ በቃ» ብለው ተመለሱ።

ተማምን ያገኘነው ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ የለበሰው ነጭ ጋውን የተጣፈ ግን በከሰል ካውያ ስፌቱ ድረስ የተተኮሰ። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ጋኑን አስወርጄ ክዳኑን ነቀልኩ። እንደ ጉም የሚነሣ ነጭ ጭስ ጠበቅሁ። ምንም የለም። እጄን ሰደድኩ፤ ለብ ያለ ብረት ዳሰስኩ። ከክዳኑ ሥር የጋኑ አንገት ተሰንጥቆ ብርዱ ከጊቤ እስከ ሊሙ በመንገድ ላይ አልቋል።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ተራገምኩ። በጾም የማይባለውን ሁሉ አልኩ። ተማም አንገቱን አቀርቅሮ እስክጨርስ ጠበቀና፣

«ሲስተር» አለኝ፤ እዚያ አገር ነጭ የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ «በረዶ እኮ አለ። ሐጂ ከማል ቤት።»

ረቡዕ

ሐጂ ከማል ከገበያው ጥግ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ፤ በከተማይቱ ሌላ ስለመኖሩ የነገረኝ የለም። በረመዳን ሐጂ ሥራ አላቸው፤ በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ በረዶ እያደረጉ፣ ለማፍጠሪያ ለጎረቤቱ ሁሉ በነጻ ያድላሉ። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ያቺን በረዶ ነው። እኔ ደግሞ መጥቼ ያንን ማቀዝቀዣ ለደም ልለምን ነው። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ብልቃጦቹን መስኮት ላይ አሳድሬ ጠዋት እለቅማቸው ነበር። በሕይወቴ ብርድ የናፈቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ተማም በኦሮምኛ አስረዳቸው። የሐጂ ባለቤት ከመጋረጃው ጀርባ «ደም? ከምንጠጣው ጋር?» ሲሉ ሰማሁ። ሐጂ ጥቂት መቁጠሪያቸውን ቆጠሩና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሺ፣ ደሙ ቀዝቅዞ አዲስ አበባ ደረሰ እንበል። ከዚያስ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ውስጡ ቫይረስ አለ ብለን ነው የምንጠረጥረው። በተማም ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ከዚያ በጣም ያንሳል። በሕይወት ከደረሰ ጨቅላ አይጦች ላይ እናረባዋለን። ሲበዛ ውጭ አገር ይላካል፤ እዚያ ጽሑፉን ያነቡታል።»

«ጽሑፍ አለው?»

«አለው። አራት ፊደል ብቻ ነው፤ አራቱ እየተፈራረቁ በሺህ የሚቆጠር ቦታ ይሰለፋሉ። ንባቡ እንደ ራጅ ባለ ፊልም ላይ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓምድ፣ በዓምዱ ላይ ጥቁር ጥቁር ሰረዝ። መሰላል ይመስላል። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይነበባል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ለሥልጠና ሄጄ ተምሬዋለሁ።»

«ሱብሐነላህ! እኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እናንተ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እነሱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ካነበባችሁትስ በኋላ?»

«ከሚታወቁት ጋር ጎን ለጎን እናስተያየዋለን። የማን ዘር እንደሆነ ይለያል። ዘመድ ካለው በዘመዱ እናውቀዋለን፤ ከሌለው አዲስ ነው።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይሄ ገባኝ። በኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማን ልጅ ነህ ይባላል። አባቱን፣ አያቱን፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ይሄ ትኩሳት ግን ዓመት ሙሉ ቤታችን ሲወጣ ሲገባ የማን ልጅ ነህ ያለው የለም። ይኸው ተማም ብቻ ነው አላውቀውም ያለው።»

ተነሥተው ማቀዝቀዣውን ከፈቱና የበረዶ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አወጡ። ባለቤታቸው ብቅ ብለው «ሰዉስ በምን ያፈጥራል?» አሉ።

«ባልቀዘቀዘ ውሃ። አባቶቻችን በምን ነበር የሚያፈጥሩት?»

ከዓሥር ሰዓት በኋላ ወደ መስጊድ ሄደው ለጎረቤቱ ራሳቸው ተናገሩ። ጥቂቶች አጉረመረሙ። ግን ማቀዝቀዣው በደንብ እንዲያቀዘቅዝ ነጩ ጋዝ መጨመር ነበረበት፤ ከቀበሌው ሱቅ ደግሞ ጋዝ ከጠፋ ሰንብቷል። ሲመሽ ካጉረመረሙት ሰዎች መካከል ሁለቱ የኩራዛቸውን ጋዝ በጠርሙስ ይዘው መጡ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ በእኛ ሰፈር ጎረቤት ጋዝ ቢያበድር በማግስቱ ወሬው መርካቶ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ጠርሙሱን በር ላይ አኑረው ስማቸውን እንኳ ሳይናገሩ ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሁለት ታማሚዎች ደም ወሰድን፤ አንደኛው ቡና መፈልፈያ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ፣ ሌላው ገበሬ። እንዲህ ያለ ቫይረስ ደም ውስጥ የሚገኘው ትኩሳቱ በጀመረ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሳምንት ያለፋቸውን ሁሉ ተማም እያዘነ መለሳቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ዘሃራን ለማየት በእግር ሄድን። ትኩሳቱ የጀመራት ትናንት ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ዓይኗ እንደ ፍም የቀላ ሴት፤ መደብ ላይ ተኝታለች፣ ግን ጾማለች። ተማም የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ነገራት። ታውቃለች።

«አውቃለሁ። ግን አላህ ረድቶኝ እስካሁን ጾሜአለሁ። ቀኑን ልጨርሰው። ደም ስትወስድብኝ ጾሙ ይፈርስብኝ ይሆናል። ፀሐይ ስትገባ ና።»

ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሌላ አዲስ ታማሚ የለም። አፌን ልከፍት ስል ተማም በዓይኑ ከለከለኝና «ቶሌ፣ እሺ፣ እንመጣለን» ብሏት ወጣ። መንገድ ላይ ተቆጣሁት።

«ሲስተር፣ እርስዎ ነገ ይሄዳሉ» አለኝ ረጋ ብሎ። «እኔ ግን ነገም እዚሁ ነኝ። ዛሬ አስገድጄ ብወስድባት በሚቀጥለው ጊዜ የታመመ ሰው ሁሉ ከኔ ይደበቃል።»

ቀኑን እሱ ያያቸውን የደም ናሙናዎች በማይክሮስኮፑ ደግሜ እያየሁለት ዋልኩ። ያየው ሁሉ ትክክል ነው፤ ወባ የለም ባለበት ሁሉ የለም። መዝገቡ በንጹሕ እጅ የተጻፈ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከላይ እስከ ታች «አልታየም፣ አልታየም» ይላል። ይህን ሰው ዓይን የለህም ማለታቸው አንጀቴን አሳረረው።

ፀሐይ ስትገባ ዘሃራ ተምር ቀመሰች፣ ለብ ያለ ውሃ ጠጣች፣ ክንዷንም ዘረጋች። ከዚያ ሐጂ ቤት እራት ተጠራን። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ሲበላ ሥጋው የማን እርድ ነው የሚል ጣጣ አለ፤ እኛ ግን እነሱ በረመዳን እኛ በሁዳዴ ተገናኘንና ምስር ሳምቡሳ ቀረበ። ምስር ሃይማኖት የለውም። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ሐጂ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው እያዩ «ዛሬ በረዷችንን ትኩሳቱ ጠጣው» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ከእራት በኋላ ብልቃጦቹን አሸግን። ሐጂ ለብርጭቆና ለፋኖስ መስታወት መላኪያ የሚጠቀሙበት የእንጨት ሳጥን ነበራቸው። ተማምና ሐጂ ብልቃጦቹን ማቀዝቀዣው አብሮ በሠራው በረዶና በጨው በተሞላ ጣሳ ውስጥ ቀበሩ፤ ጨው በረዶን ይበልጥ ያበርደዋል። ጣሳውን ሳጥኑ ውስጥ አኑረው ዙሪያውን በቡና ገለባ ጠቀጠቁት። በእኛ አገር እንቁላል በጭድ እንደሚታሸገው፣ በሊሙ የሚሰበር ነገር ሁሉ በቡና ገለባ ይታሸጋል፤ ለሙቀትም ለመንቀጥቀጥም ጥሩ ነው። እኔም ትልቅ የሳይንስ ግኝት እንደሆነ ሁሉ አሞገስኩት። ከሦስታችን አንዳችንም ሌላ ነገር አላሰብንም።

ዓርብ

ማልደን ወጣን። ጅማን አልፈን አሰንዳቦ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ አፍንጫቸውን አሽተት አሽተት አደረጉ።

«ጽጌ፣ ይሄ መኪና ቡና ቡና ይላል።»

«ገለባ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ።»

መሪውን ይዘው ጥቂት ነዱ። ቆይተው «በስመ አብ» አሉ። ያኔ የኬላው ነገር ገባኝ።

ከሰኮሩ አለፍ ብሎ ያለው ኬላ ገመዱ ተወጥሮ ጠበቀን። ተቆጣጣሪው ዕድሜው ከኔ የማይበልጥ፣ ፂሙን ያልተላጨ ሰው ነው። በሩን ሲከፍት ሽታው ፊቱን መታው። እጁ ላይ ጆንያ የሚወጉበት ሹል ብረት ይዟል፤ ወደ ሳጥኑ አነጣጠረ። ዘልዬ ሳጥኑን አቀፍኩት።

«መጀመሪያ እኔን ውጋኝ!»

«ጓዲት፣ ሥራዬን አታደናቅፊ። ጀንፈል ቡና ነው የያዛችሁት።»

«ብርጭቆ ነው! የሰው ደም ነው! ብትወጋው አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ትወጋለህ!»

ደም የሚለውን ሲሰማ ብረቱን ዝቅ አደረገ። ከኬላው ሻይ ቤት ወጥተው የከበቡን ሰዎች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ወረቀቴን ሰጠሁት፤ ማኅተሞቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሳጥኑ እንዲከፈት አዘዘ። ገለባውን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘረገፈና በጣቱ ፈተሸው። መካከሉ ላይ ያልተፈለፈለ ቡና አገኘ፤ ሰባት ፍሬ። አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አኖራቸው።

«ይኸውልሽ» አለ። «ያለ ወረቀት አንድም ፍሬ አይወጣም። ገለባውም ቢሆን አይወጣም። አለቃዬ እስኪመጣ ትቆያላችሁ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ከሰዓት በኋላ። ወይም ነገ።»

ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ጣሳው ላብ አውጥቶ መንጠባጠብ ጀምሯል። ያን ጊዜ ቁጣዬ አለቀና እንባዬ መጣ፤ መደበቅም አልቻልኩም። ስለ ተማም ነገርኩት። ይህ ደም ከሞቀ ውስጡ ያለው ነገር ይሞታል፤ ከሞተ አይረባም፤ ካልረባ አይነበብም፤ ካልተነበበ ያ ሰው ውሸታም እንደተባለ ይቀራል፣ በሽተኞቹም ያልያዛቸውን በሽታ መድኃኒት ሲውጡ ይኖራሉ። የበረዶውን ነገርም፣ ሰዉ ለብ ባለ ውሃ ማፍጠሩንም ነገርኩት።

ተቆጣጣሪው ሰባቱን ፍሬ እያየ ቆመ።

«ቡና እንዳይወጣ ነው የታዘዝኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ደም እንዳይወጣ አልታዘዝኩም።»

ኬላው ጎን ለጎጆአቸው ግድግዳ ሊመርጉበት ያከማቹት የጤፍ ጭድ ነበር። ሄዶ በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣና ራሱ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን ዙሪያውን ጠቀጠቀ። ካፖርቱን አውልቆ ሳጥኑ ላይ አለበሰው። ገለባውን አስሮ፣ ሰባቱን ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልሎ «ኤግዚቢት» ብሎ ጻፈበትና አስፈረመኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጋሽ ወልዴ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጊቤ ድልድይ ላይ ሌላ ኬላ አለ። ሽታው ገና አልለቀቀም። አልፋችሁ እስክትሄዱ እሸኛችኋለሁ።»

ሸኘን። ካፖርቱን ሊወስድ ቢሞክር ሳጥኑ እንዳይሞቅ ብዬ አልሰጥም አልኩት። በፖስታ ልኬለታለሁ፤ ደርሶት እንደሆነ አላውቅም።

ሲመሻሽ አዲስ አበባ ገባን፤ ቀጥታ ላቦራቶሪ። ሳጥኑን ስከፍት አንዱ ብልቃጥ ተሰንጥቆ ፈስሷል። ሁለተኛው ቀልጦ ሞቋል። ሦስተኛው፣ የዘሃራ፣ ከጣሳው ሥር ከቀረች የጡጫ ያህል በረዶ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። መጨረሻ የተወሰደው እሱ ነው፤ አስገድደን ጠዋት ወስደን ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን ይበልጥ ያረጅ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼው በማግስቱ ጨቅላ አይጦቹን ወጋናቸው።

ከጉዞው ወዲህ

አይጦቹ ታመሙ። በእኛ ሥራ ደስታ የሚጀምረው እንደዚህ ነው፤ ይቅር ይበለን። ቫይረሱ እጃችን ላይ እንዳለ አወቅን፤ ማን እንደሆነ ግን ገና ነው። ወደ ውጭ አገር ላክነው። ግንቦት አለቀ፤ መልስ አልመጣም። እኛም አንድ ነገር ተገኝቷል ብለን ጻፍን፤ የተማም የበላዮች ግን የአይጥ መታመም ማስረጃ አይሆንም ብለው መለሱ። ተማም ክሊኒኩን አስረክቦ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ይህን የሚነግረውን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን እህል አልበላሁም።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ከተከበረ በኋላ ትልቅ ፖስታ መጣ። ውስጡ ፊልሞች አሉ፣ ከነሱ ጋር ደብዳቤ። ጽሑፉ ከሚታወቁት ቫይረሶች ሁሉ ጋር ተስተያይቷል፤ ቤተሰቡ ተለይቷል፤ እሱ ራሱ ግን ከዚያ በፊት በየትም መዝገብ አልነበረም። አዲስ ነው። ወባም አይደለም፤ ወባ ሆኖም አያውቅም። አለቃዬ የደብዳቤውን ቅጂ ለተማም የበላዮች ላከ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ያ ቀጭን ሰው ቆሞ አየሁት። ጋውን አልለበሰም። ወደ ክሊኒኩ እንዲመለስ ተጽፎለት፣ መርፌና ብልቃጥ ሊረከብ መምጣቱ ነው። እንደነገረኝ ዘሃራ ድናለች፤ ጉልበቷን አሁንም ይይዛታል፤ ቡና ለቀማ ግን ወርዳለች።

ፊልሙን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁለት። አራቱን ፊደላት አሳየሁት፤ ከታች እንደሚጀመርም ነገርኩት። ጣቱን ከታችኛው ሰረዝ ላይ አኑሮ መቁጠር ጀመረ። አንድ ቦታ ሳተ፤ አረምኩት። ቀጠለ። ለረጅም ጊዜ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ወደ ላይ ወጣ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ጣቱ ግን መስመሩን አልሳተም።

አላስችል አለኝና ጠየቅሁት። «ተማም፣ እንደሌሎቹ ወባ ነው ብለህ ብትጽፍ ማንም አይነካህም ነበር። ለምን አልጻፍክም?»

ጣቱን ከፊልሙ ሳያነሣ ዞሮ አየኝ፤ ጥያቄው የገረመው ይመስላል።

«ሲስተር፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ ማን ሊፈልገው ይመጣ ነበር?»

ከዚያ ወደ ብርሃኑ ተመልሶ ካቆመበት ፊደል ቀጠለ።